የ15 ዓመት ድመቴ ኩላሊቷ ደክሟል፤ እማዬ ከደሴ ያመጣችውን ቅጠል ልስጣት?

የጉርሻ_እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ረጅም ስለሆነ ይቅርታ።

ድመቴ ጉርሻ ትባላለች። ተማሪ ሳለሁ ከእንስሳት መጠለያ ያመጣኋት ናት፤ አሁን 15 ዓመት ሞላት። በሰው ሲሰላ 76 ገደማ ነው ይላሉ። እማዬ 72 ናት። ጉርሻ ታላቅሽ ናት ብላት አልወደደችውም።

ከሁለት ወር ወዲህ ውኃ ማብዛት ጀመረች። ሳህኗን ጨርሳ መታጠቢያ ቤት ቧንቧው ሥር ቆማ ትጮኻለች። የአሸዋ ሳጥኗን ሳጸዳ የሽንቱ ጓል ቡጢ ያክላል። ኪሎዋ ከ4.6 ወደ 3.7 ወርዷል። ጠዋት ጠዋት ነጭ አረፋ ታስመልሳለች። ሐኪሟ ደም ወሰደችና ክሬያቲኒኗ (ኩላሊት ከደም ሊያጣራው የሚገባ ቆሻሻ) 3.4 ነው አለችን። ኩላሊቷ ነው። ከአራቱ ደረጃ ሦስተኛው ላይ ናት። የኩላሊት ምግብ፣ የማቅለሽለሽ መድኃኒትና በቆዳ ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ታዘዘልን። ምግቡን አሽትታው ትሄዳለች። መርፌውን ደግሞ ቤት ውስጥ የምወጋት እኔ ነኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል።

እማዬ ከደሴ ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው። ሻንጣዋ ውስጥ ያልገባ ነገር የለም። ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴ፣ ጦስኝ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የሺፈራው ዱቄት። «ለሰው ያልከፋ ለድመት ምን ይከፋል?» ትለኛለች። ትናንት ማታ ጤና አዳም አፍልታ በሲሪንጅ ልትግታት ስትል ደረስኩባት። ተኮራረፍን።

ግን እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ኢንተርኔት ላይ «ለድመት ኩላሊት» የሚል የቅጠል ጠብታ አይቼ ካርዴን አውጥቼ ነበር፤ 38 ዶላር። የታዘዘውን ሁሉ እያደረግኩ እየከሳች ስትሄድ ዝም ብሎ ማየት ከበደኝ። የሞከረ አለ?


ሺፈራው_ጠጪ (ሲያትል)

አይዞሽ እህቴ። እኔ ለ13 ዓመቱ ድመቴ የሺፈራው ዱቄት ቱና ላይ እየነሰነስኩ ሰጥቼዋለሁ። ሐኪሙ አበቃለት ያለው ድመት ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሯል። ፀጉሩ ራሱ ተመልሶ አበራ። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ብርሽን ነው። አያቶቻችን በምን ኖሩ?


ነርሷ (አትላንታ)

ሺፈራው ጠጪ፣ ድመትህ በመሻሉ ደስ ብሎኛል። ግን ምን ነበር የታመመው? ደሙ ታይቷል?


ሺፈራው_ጠጪ

ደም አላስወሰድኩም። እርጅና ነው ያለኝ።


ነርሷ

ቱናውንስ ከዚያ በፊት ትሰጠው ነበር?


ሺፈራው_ጠጪ

ኧረ በፊትማ ደረቅ ምግብ ብቻ ነበር። ለምን ጠየቅሽኝ?


ነርሷ

ለዚሁ ነዋ! በአንድ ቀን ሁለት ነገር ቀይረሃል። ደረቅ ጥሬ ብቻ ይበላ የነበረ ሽማግሌ ድመት ውኃ ያለው፣ የሚሸት ዓሣ አገኘ። ፀጉሩ ባያበራ ነበር የሚገርመኝ።

የእንስሳት ነርስ አይደለሁም፤ የሰው ነኝ። ግን ሁለት ድመት አስታምሜ ቀብሬያለሁ። ያረጀ ድመት ሲከሳ ምክንያቱ አንድ አይደለም። ኩላሊት ይሆናል። ታይሮይድ ይሆናል፤ ያኔ እንደ ጉድ እየበላ ይከሳል። ስኳር ሲሆንም ውኃ ያበዛል። አንዳንዴ የበሰበሰ ጥርስ ብቻ ነው። ለየትኛው ነው ሺፈራውን የምትሰጠው? ጉርሻ ቢያንስ በሽታዋ ታውቋል።


ታዛቢ (አዲስ አበባ)

እዚህ ሰው የኩላሊት እጥበት የሚከፍለው አጥቶ መንገድ ላይ ይለምናል። እናንተ ለድመት ደም ታስመረምራላችሁ። ጊዜ ሰጣችሁ።


አባባ_ጉለሌ (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ታናሽ ወንድሜ ሁለት ዓመት እጥበት ላይ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ይዤው የምሄደው እኔ ነበርኩ። ማታ ስንመለስ እግሩ ሥር የምትተኛው ድመታችን ናት። እሷን መመገቤ ከሱ አፍ የነጠቀው ነገር የለም። በል አሁን ሰዎቹን ተዋቸው፤ ይጠይቁ።


የበሬ_ሐኪም (ቢሾፍቱ)

እዚህ የምገባው ለማንበብ ነው፤ ዛሬ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የተማርኩት እዚሁ ቢሾፍቱ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው። ያኔ እጃችን የሚገባው ላምና በግ ነበር፤ ስሜም ከዚያ የመጣ ነው። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን አዲስ አበባ እየሄድኩ ውሻና ድመት አያለሁ።

እህቴ፣ የእናትሽን አባባል ብዙ ሰው ያምንበታል። የድመት ጉበት ግን እንደኛ አይደለም። እኛ ቅጠልም ሆነ ክኒን ስንውጥ ጉበታችን ነገሩን ከስኳር ከተሠራ አሲድ ጋር ያጣብቀውና በሽንት ወይም በሐሞት እንዲወጣ ያደርገዋል። ድመት ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልጉት ኢንዛይሞች አንዱ ዋነኛው የላትም። ዘርማንዘሯ ሥጋ በል ነው። ቅጠል የማይበላ አካል የቅጠል ኬሚካል ማስወገጃውን ምን ያደርግለታል? ስለዚህ እኛ በሰዓታት የምንገላገለው አስፕሪን እሷ ውስጥ ቀናት ይቆያል። አንዲት ባለ 500 ፓራሲታሞል ድመት ትገድላለች። አንዲት ፍሬ!

አሁን ወደ ሻንጣው። ጦስኝ የሚሸተው ቲሞል ስላለው ነው። ቲሞል ፌኖል ከሚባሉት ወገን ነው፤ ድመት ደግሞ በተለይ ማስወገድ የሚያቅታት እነሱን ነው። ጤና አዳም ኃይለኛ ነው፤ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ብዙ የጠጣ ሰውም ሆዱን፣ ጉበቱንና ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። ሲኒ ቡና ላይ አንድ ቀንበጥ ጣል ማድረግና ለ3.7 ኪሎ ፍጥረት አፍልቶ መጋት ለየቅል ናቸው። ዳማ ከሴም ያው ዘይት ነው። ሺፈራው መርዝ አይደለም፤ ግን ፖታሲየምም ካልሲየምም በብዛት አለው። የኩላሊት ሕመምተኛ እነዚህን የሚለካ እንጂ የሚነሰንስ አይደለም። ጥቁር አዝሙድ ለድመት የተለካ መጠን የለውም።

እሬትም እንዳታስቢ። ቅርፊቱ ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ ያስቀምጣል። ኩላሊቷ ውኃ መያዝ ያቃታትን ድመት ተቅማጥ ጨምረሽባት እንዴት ትሆናለች? የባሕር ዛፍ ዘይትና እንፋሎትም ቤትሽ ውስጥ ይቅር። ፀጉሯ ላይ የሚያርፍ ነገር ሁሉ ስትልስ ሆዷ ይገባል።

ሌላው ትልቁ ነገር ሽንኩርት ነው፤ ነጩም ቀዩም፣ ጥሬም የበሰለም። ቀይ የደም ሕዋሷን ያፈርሳል። የእኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው። የዶሮ ወጥ መረቅ የተነከረ እንጀራ ለድመት መወርወር ልማዳችን ነው። ኩላሊቷ የደከመ ድመት ከድሮም ደም ያንሳታል።


አባባ_ጉለሌ

ዶክተር፣ ይህን ከ20 ዓመት በፊት የሚነግረኝ ባገኝ።

ሻምበል የሚባል ወንድ ድመት ነበረኝ። የጎረቤቱን አይጥ ሁሉ የጨረሰ። አርጅቶ ሲከሳ ኮሶ ያዘው ብዬ ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ፣ በማር ለውሼ፣ በቅቤ አለሳልሼ አጎርሰው ጀመር። እየታገለኝ። በሳምንቱ ድዱ እንደ ወረቀት ነጣ። ሽንቱ የሻይ መልክ ያዘ። እኔ ትሉ እየወጣለት መስሎኝ መጠኑን ጨመርኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አልጋዬ ሥር ገብቶ ሞተ። ምን እንደገደለው የነገረኝ ከስንት ዓመት በኋላ የአንድ ወዳጄ ልጅ ነው፤ እሱም ሙያህን የተማረ።

የጉርሻ እናት፣ እናትሽን አትቆጫቸው። እኔም የሰጠሁት ስለወደድኩት ነው።


የጉርሻ_እናት

አባባ፣ አይዘኑ። በእኛ ቤት ማን ነግሮን ያውቃል።

ጽሑፍዎን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ «ሻምበል ደግ ስም ነው» አለችና ሲሪንጁን አጥባ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ዶክተር፣ የሚሸጠውስ ጠብታ? እሱ እኮ ለድመት ተብሎ የተሠራ ነው።


የበሬ_ሐኪም

የዕቃውን ጀርባ አንብቢልኝ። ምን ምን አለበት?


የጉርሻ_እናት

አስትራጋለስ፣ ሬማኒያ፣ ዳንደላዮን፣ ሊኮሪስ ይላል። አልኮልም አለው።


የበሬ_ሐኪም

አስትራጋለስና ሬማኒያ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ዕፅዋት ናቸው። በሙያው የሠለጠነ ሐኪም ደም እየለካ ሲሰጣቸው አንድ ነገር ነው። ዳንደላዮን ግን የሚያሸና ነው! ድመትሽ ችግሯ ሽንት ማብዛት አይደለም እንዴ? ሊኮሪስ ደግሞ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ፖታሲየም ያወርዳል። የኩላሊት ድመት ብዙ ጊዜ ግፊት አለባት፤ ግፊቱ በድንገት ዓይኗን ሊያጠፋው ይችላል። ግፊቷ ተለክቷል?


የጉርሻ_እናት

ኧረ አልተለካም። ነገ እደውላለሁ።


ዴንቨር_ያለው

እዚህ አሜሪካ ስላለው ነገር አንድ ልጨምር፤ ሥራዬ ከመለያ ጽሑፍ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። በ1994 የወጣው የሰው ሰፕሊመንት (እንደ ቫይታሚን ያለ ማሟያ) ሕግ እንስሳን አይመለከትም። እሽጉ ላይ «ኩላሊትን ይደግፋል» ስለተባለ የመረመረው አለ ማለት አይደለም። ብሔራዊ የእንስሳት ሰፕሊመንት ምክር ቤት የሚባል የአምራቾች ማኅበር ከ2001 ጀምሮ አለ፤ የጥራት ማኅተም ይሰጣል። ማኅተሙ አመራረቱንና መለያውን ነው የሚመለከተው። ይሠራል ወይ ለሚለው መልስ አይደለም። ያም ሆኖ ከሌለ ያለ ይሻላል።

እኔ በሐኪም ፈቃድ የሰጠሁት አንድ የዛፍ ነገር አለ፤ ስሊፐሪ ኤልም ይባላል። የዛፍ ውስጠኛ ልጥ ዱቄት ነው። በሙቅ ውኃ ስትመቺው እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ተልባ ለጨጓራ እንደምንጠጣው፣ የድመቴን ሆድ ያለሰልስለት ነበር። ኩላሊቱን አላዳነም፤ ማስመለሱ ግን ቀንሶለታል። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ መድኃኒት ይዞ ያስቀራል፤ ከክኒኗ ሁለት ሰዓት ያህል አራርቂው።

ራሱን ተልባውን በዘይትነት ለኦሜጋ 3 ብለሽ አትስጫት። ድመት የተልባን ዘይት ወደሚጠቅማት ዓይነት መቀየር አትችልም። የዓሣ ዘይት ነው ለእሷ፤ መጠኑን ሐኪሟ ይንገርሽ። የዓሣ ጉበት ዘይት ሌላ ነው፤ ቫይታሚን ኤና ዲ ስለሚበዛበት እሱን ተይው።


ዱባይ_ያለችው

እኔ ቅጠል አላውቅም፤ መርፌ ግን አውቃለሁ።

የምሠራበት ቤት ሁለት የፋርስ ድመቶች አሉ። ያ ዘር ኩላሊቱ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ይዞ ይወለዳል አሉኝ፤ ሁሉም ባይሆን። ትልቋ ከታመመች ሦስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ማዳም «ትወጊያታለሽ» ስትለኝ አለቀስኩ። በሀገሬ ለዶሮ እንኳ ቢላ አላነሳም። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ።

ጉሉኮስ ነው ብለሽ እንዳታስቢ፤ ሪንገር የሚባል የጨው ውኃ ነው። ከረጢቱን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስቀምጪው፤ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው የምትሸሸው። ክንድሽ ላይ ሞክሪው፣ እንደ ሕፃን ወተት። ትከሻና ትከሻዋ መሃል ያለውን ቆዳ ወደ ላይ ሳብ ስታደርጊው እንደ ድንኳን ይቆማል። መርፌውን ከድንኳኑ ሥር አስገቢ፣ ከጀርባዋ ጋር ትይዩ አድርገሽ። ቶሎ። ቀስ ሲባል ነው የሚያመው። ለኔዋ የታዘዘላት 100 ሚሊ ነው፤ አምስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ቆዳዋ ሥር ኳስ የሚያክል እብጠት ይወጣል፤ ሲውል ወደ እግሯ ይወርዳል፣ ከዚያ ይጠፋል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ገደልኳት ብዬ ጮኼ ነበር።

ፈሳሹ ሲገባ የምትልሰው ነገር ስጫት። ሁለተኛ ሰው ካለ ጥሩ ነው። እናትሽ አሉ አይደል?


ነርሷ

የዱባይዋ፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ ተማሪዎችን እንዲህ አላስረዳም።

የጉርሻ እናት፣ ስለ ምግቡ ልንገርሽ፤ ዕድሜ እንደሚያራዝም በጥናት የታየው እሱ ነውና ተስፋ አትቁረጪ። ፎስፈረሱ ዝቅ ያለ ነው፤ ቁም ነገሩ እሱ ነው። ግን ሆዷ እያቅለሸለሸ አታቅርቢላት። ካቅለሸለሻት ቀን ጋር ታገናኘውና ለዘለዓለም ትጠላዋለች። መጀመሪያ ማቅለሽለሹ ይቁም። ከዚያ ከምትወደው ምግብ ጋር በማንኪያ ጫፍ ጀምሪ። ሁለት ሦስት ሳምንት ይፍጅ። ምግቡን ሞቅ አድርጊው፤ ሽታው ነው የሚጠራት። ጆሮዋ ላይ የሚቀባ፣ የምግብ ፍላጎት የሚያነሳ ቅባትም አለ፤ ሚርታዛፒን የሚባል፤ ሐኪሟን ጠይቂያት።

ጨርሶ እምቢ ካለች ግን ሁለት ቀን አትጠብቂ። ያልበላች ድመት ስቧ ጉበቷ ላይ ይከመራል፤ እሱ ራሱን የቻለ ገዳይ ነው። እምቢ ባለችበት ቀን ከኩላሊት ምግብ ይልቅ ያገኘችውን መብላቷ ይሻላል።

ወተት ደግሞ ተዉ። እማማ «ወተት እንኳ ይከለከላል?» እንደሚሉ አውቃለሁ። አዋቂ ድመት አብዛኛውን ጊዜ አይስማማትም፣ ያስቀምጣታል። ፎስፈረስም አለው። እሳቸውን ሥራ ስጫቸው። ዶሮ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ምንም ይቀቅሉላት። መረቁን ምግቧ ላይ ጠብ ያድርጉላት።


ሺፈራው_ጠጪ

እሺ፣ ተሸንፌያለሁ። የዱቄቱን ነገር ሳስበው ድመቴ መጀመሪያ ሰሞን ዱቄቱን እያራገፈ ነበር ቱናውን የሚበላው።

ግን አንድ ነገር ልበል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ቅጠል ሁሉ መድኃኒት መስሎን ቀረ።


አባባ_ጉለሌ

ሳይቃጠል የተባለው ላይ ነው ቁም ነገሩ። በጊዜ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት ለማለት ነው።


የበሬ_ሐኪም

አባባ ጨረሱት። እኔ ጋ የሚመጡት ከተቃጠለ በኋላ ነው። ውኃ ማብዛቷን ሰው እንደ ጤና ያየዋል፣ «ጠጪ ናት» ይላል። ከሰባትና ስምንት ዓመት በላይ ድመት ያላችሁ በዓመት አንዴ ደምና ሽንት አሳዩ። ምርመራ በማይገኝበት ከተማ ያላችሁ ቢያንስ በወር አንዴ መዝኗት። ሚዛን የሚሸጥበት ባለሱቅ ጋ ይዛችሁ ሂዱ፤ ይስቅባችኋል እንጂ አይከለክላችሁም።


የጉርሻ_እናት (ከስድስት ሳምንት በኋላ)

ጠፍቼ ነበር፤ ይቅርታ።

የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዶክተር፣ ባትጠይቀኝ ኖሮ ማን ያስታውሰን ነበር? አሁን በቀን የክኒን ሩብ ትወስዳለች። ጠብታውን አልገዛሁም። ባለፈው ሳምንት ደሟ ታይቶ ክሬያቲኒኗ 2.9 ሆኗል። ሐኪሟ «ኩላሊቷ ዳነ ማለት አይደለም፤ ድርቀቷ ስለተስተካከለ ነው» ብላናለች። ይሁና። ኪሎዋ 3.9 ነው። አረፋው በሳምንት አንዴ ሆኗል። የዴንቨሩ፣ ስሊፐሪ ኤልሙን ሐኪሟ ፈቅዳልኛለች፤ ማታ ማታ እሰጣታለሁ።

መርፌውን የምወጋው እኔ ነኝ፤ የምትይዛት እማዬ። ድንኳኑን የምትስበውም እሷ ናት። ፈሳሹ እስኪያልቅ «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ» ትላታለች። ታላቅነቷን የተቀበለች መሰለኝ።

የዶሮው ሥራ ከእማዬ አልፏል። ቅዳሜ ለራሳችን አንድ ሙሉ ዶሮ ቀቅላ፣ ሽንኩርቱ ሳይገባበት እንዲበርድ አስቀምጣው ስልክ ልታነሳ ዘወር አለች። ስንመለስ ፈረሰኛው የለም። ሦስት ወር ሙሉ ሶፋ ላይ መውጣት ያቃታት ድመት ምድጃው ላይ ወጥታለች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። እማዬ ከመቆጣት ይልቅ እልል አለች፤ ጎረቤቶቻችን ምን ሆኑ ብለው መጡ።

ጤና አዳሙን በቡናችን ጨርሰነዋል። ጥቁር አዝሙዱ ዳቦ ውስጥ ገባ። የሺፈራው ዱቄት ግን ግማሽ ኪሎ ያህል ቀርቷል፣ እዚህ ቤት የሚጠጣው ሰው የለም። ሺፈራው ጠጪ፣ አድራሻህን በውስጥ መስመር ላክልኝ።